የትንሣኤው እስትንፋስና ትንፋሽ ያጠራቸው ወገኖቻችን

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሙታን ተለይቶ በተነሣበት በዚያው ዕለት ምሽት፣ ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሣ ደጃቸውን ዘግተው በተቀመጡበት ቤት ተገልጦ ሰላምን ከሰጣቸው በኋላ እፍ እንዳለባቸው ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ በሃያኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ይህም ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረውን የአዳምን አፈጣጠር ያስታውሰናል። በዚያ ከምድር አፈር የተበጀው ሰው ሕያው የሆነው የሕይወት እስትንፋስ በተሰጠው ጊዜ ነበር፤ በዚህ ደግሞ በፍርሃት የደነዘዙት ሐዋርያት ለአገልግሎት የቆሙት በጌታ እስትንፋስ ነው። ስለዚህ የትንሣኤ በዓል የብርሃን በዓል እንደ ሆነ ሁሉ የእስትንፋስም በዓል ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሃያ ሺህ ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ጤነኛ የሆነ ሰው ከእነዚህ አንዷንም አይቆጥርም፤ ተኝቶም ነቅቶም ሳያስባት ትመጣለች፣ ሳያስባት ትሄዳለች። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላደረበት ሰው ግን ትንፋሽ እንደ ዕለት እንጀራ በድካም የምትገኝ ናት። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾመን፣ ሰሙነ ሕማማትን ሰግደን፣ በቅዳሜ ሹር ቄጤማ በራሳችን አስረን ለዚህ ታላቅ በዓል ስንደርስ፣ በጓዳቸው ጥግ ተቀምጠው አየር የሚለምኑ ወገኖቻችን እንዳሉ ማስታወስ የበዓሉ አንድ ክፍል ነው።

ከሰንጋ ተራ እስከ አራተኛው ፎቅ

በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ የእርድ ሰንጋ ሲሸጥበት የኖረ ሥፍራ ነው። ዛሬ ግን የሰንጋ ገበያ የለበትም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ አሮጌ የጭቃ ቤቶች እየፈረሱ፣ የ40/60 ቤቶች መርሐ ግብር ሕንፃዎች ተሠርተው በ2009 ዓ.ም. ለባለ ዕድሎች ተላልፈዋል። በዙሪያውም የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ከዚያው አቅጣጫ ከሩቅ ይታያል። ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ግን ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል።

ከእነዚህ ነዋሪዎች መካከል አንዲት እናት አሉ። ስማቸው እንዲነገር ስላልወደዱ የሰንጋ ተራዋ እናት እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደጉት እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ነበር። ማገዷቸው ሰጋቱራና የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ማድ ቤታቸውም መስኮት የሌላት የቆርቆሮ ጎጆ ነበረች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ጎህ እስኪቀድ ድረስ ይጋግራሉ። እንዲህ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባገኘኋቸው ጊዜ፣ «እናቴ፣ ምነው ወደ ውስጥ አይገቡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዕጣኑ ይዘጋኛል፤ እመቤቴ ታውቀኛለች ብዬ ከዚሁ እሰማለሁ» አሉኝ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ማረፍ ነበረባቸው። አሁን የሚኖሩት ጀሞ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው የሰው ማንሻ የለውም። ከቤታቸው ወርደው ለመመለስ ከደረጃው እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ መቀመጥ ስላለባቸው፣ ከቤት የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሕክምናና ለቀብር ብቻ ሆኗል።

በሽታው ምንድን ነው?

በሳንባችን ውስጥ አየር ከደም ጋር የሚገናኝባቸው ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። አየሩ ወደ እነርሱ የሚደርሰው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚቀጥኑ ቧንቧዎች ነው። ጭስና አቧራ ለብዙ ዓመታት ሲገባባቸው ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ አክታ ይሞላቸዋል፤ ከረጢቶቹም ይፈራርሳሉ። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው አየር ማስገባት ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ያስገባውን ማስወጣት ይቸግረዋል። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ሊገባ ስለማይችል ደረቱ ተነፍቶ ይቀራል። ይህ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧዎች መጥበብ የፈረሰውን ሳንባ መልሶ የሚገነባ መድኃኒት እስካሁን ባይገኝለትም፣ በአግባቡ ከተያዘ ግን ሰው ሠርቶ እንዲኖር ያስችላል። አስም ደግሞ ቧንቧዎቹ እየተቆጡ የሚጠቡበትና መልሰው የሚከፈቱበት፣ የዘወትር ክትትል የሚሻ ሕመም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሥር የሰደደው የአየር ቧንቧዎች መጥበብ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የገደለ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት የሞት ምክንያቶች አራተኛው ነው። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት መካከል ዘጠና በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። አስም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 262 ሚሊዮን ተገምቷል። በበለጸጉት አገሮች ዋናው ምክንያት ትምባሆ ሲሆን፣ እንደ እኛ ባለው አገር ግን ትምባሆ ያልነካቸው እናቶች በማገዶ ጭስ ምክንያት ይታመማሉ። በማገዶ፣ በከሰል፣ በኩበትና በላምባ ከሚነሣው የቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ያው ድርጅት ገምቷል።

የአዲስ አበባ ከፍታም ለእነዚህ ሕመምተኞች ሌላ ሸክም ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛው ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ግማሽ ሳንባ የቀረው ሰው ግን በየደረጃው ያውቀዋል።

ነቀርሳው ተፈውሶ ሳንባው ሲቀር

በዚሁ አካባቢ በተሸካሚነት ይሠራ የነበረ አንድ ጎልማሳ ታሪክም ከሰንጋ ተራዋ እናት ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። እርሱ የታመመው በሳንባ ነቀርሳ ነበር። ኢትዮጵያ የነቀርሳ በሽታ ከበረታባቸው ሠላሳ የዓለም አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ጎልማሳውም ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ፣ አክታው ተመርምሮ ድኗል ተባለ፤ ካርዱም ተዘጋ።

ዳሩ ግን ጀርሙ ቢጠፋም በሳንባው ላይ የተወው ጠባሳ አልጠፋም። ወደ ሲሚንቶ ሸክሙ ሲመለስ ሃምሳ እርምጃ መሄድ አቃተው። ነቀርሳው ዳግመኛ የተነሣበት መስሎት ተመላልሶ ተመረመረ፤ ጀርም አልተገኘም። ለነቀርሳው የሚሰጠው ነፃ መድኃኒት ቀርቶ፣ ለጠባሳው የሚያስፈልገውን የሚማግ መድኃኒት ግን በገንዘቡ መግዛት ግድ ሆነበት። በበሽታው ዘመን ረዳት የነበረው ሰው በተፈወሰ ጊዜ ረዳት አጣ። ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። ከነቀርሳ የዳኑ ብዙ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ እንደሚቀር ሐኪሞች ያውቁታል። ሕዝቡ ግን ገና በሚገባ አላወቀውም።

ገንዘቧን ሁሉ የከፈለችው ሴት

ቅዱስ ማርቆስ በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ አንዲት ሴት ይነግረናል። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ይህች ሴት ያላትን ገንዘብ ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ጨርሳ፣ ሕመሟ ግን ከመሻል ይልቅ ብሶባት ነበር። ወንጌላዊው ደሟን ብቻ ሳይሆን ገንዘቧንም መጥቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረጅም ሕመም ሰውን አስቀድሞ በኪሱ እንደሚያደኸየው ሲያስተምረን ነው።

የሰንጋ ተራዋ እናትም በሽታቸው በስሙ እስኪታወቅ ድረስ ዓመታት ተንከራተዋል። ሳሉ ጉንፋን ነው ተብሎ፣ ብርድ ነው ተብሎ፣ ኋላም ነቀርሳ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ፣ በየጊዜው የተለያየ እንክብል ገዝተዋል። ነገሩ የተለየው በመጨረሻ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የትንፋሽን ኃይል በሚለካ መሣሪያ እፍ ካሉ በኋላ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ሆኖም መሣሪያውና በእርሱ የሠለጠነ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አይገኙም። በአገራችን የሳንባ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመረቁት ስፔሻሊስቶች ለብዙዎች ደርሰዋል። ይሁንና ከሕዝባችን ብዛት አንጻር ገና ጥቂቶች ናቸው።

ሳልቡታሞል የተባለው የሚማገው መድኃኒት በአንዱ ዕቃ ውስጥ ሁለት መቶ ምግታ ይይዛል። እኒህ እናት ከግድግዳቸው በተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በየዕለቱ ስንት ጊዜ እንደ ማጉ በእርሳስ ይጽፋሉ። ሁለት መቶው እንዳያልቅባቸው በሥራ ቀን ችለው ይውላሉ፤ ለእሑድና ለበዓል ደረጃ ይቆጥቡታል። ሐኪሙ ቧንቧውን ከቁጣ የሚያሳርፍ ሌላ መድኃኒት በየቀኑ እንዲማጉ ቢያዝላቸውም፣ እርሱ ወዲያው ስለማያስታግስ ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው። የሚያስታግሰው ተገዝቶ የሚያሳርፈው ሲቀር ሕመሙ ሥር እየሰደደ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ላይ ያስተኛል። የዚያ የአንድ ሰሞን ወጪም የቀረውን መድኃኒት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ድህነት ሕመምን የሚያከብደው፣ ሕመምም ድህነትን የሚያጸናው በዚህ መንገድ ነው።

መድኃኒቱ ከሚያስወጣው ገንዘብ ይልቅ የሚከፋው የሚያሳጣው ገቢ ነው። እናቲቱ ምጣዳቸውን ከሰቀሉ ዓመታት አልፈዋል። ታናሽ ልጃቸው እርሳቸውን ለማስታመም ስትል በአንድ ሱቅ የነበራትን ሥራ ተወች። በአንድ ሰው ሕመም የሁለት ሰው ገቢ ቀረ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ይህ ውል ላለው ሠራተኛ መልካም ነው፤ ሳንባ ግን በስድስት ወር አይመለስም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ተሸካሚው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቀጣሪ ስለሌላቸው ወይም ውል ስለሌላቸው ይህችም አትደርሳቸውም።

ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የተዘጋጁ ሁለት በሮች መኖራቸውን ግን ሁሉም ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ደመወዝተኛ ያልሆኑ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው የሚታከሙበት ሲሆን፣ የችግረኞችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. በከተሞች ሥራ ላይ የዋለው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በዚህ መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲሰጥ ተደርጓል። ሆኖም በምዝገባው ጊዜ በዓይን የሚታይ ጉዳት የሌለበትን ሰው ማንም አያስተውለውም። የሳንባ ሕመምተኛ ተቀምጦ ሲታይ ጤነኛ ይመስላልና፣ የሐኪም ማስረጃውን ይዞ የሚቀርብለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሳልና ሐሜት

በአገራችን የሳንባ በሽታ ሲባል ሰው ሁሉ የሚረዳው ነቀርሳ ነው። ስለዚህ የሚያስል ሰው በታክሲ መስኮት ይከፈትበታል፣ በሰንበቴ ጽዋ ይለይበታል፣ በለቅሶ ቤትም ወንበር ይራቅበታል። የሰንጋ ተራዋ እናት ምጣዳቸውን የሰቀሉት ትንፋሽ ስላጠራቸው ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ቀሩ። ጎረቤት፣ የሚያስል ሰው የጋገረው እንጀራ አይበላም ብሎ እንዳወራባቸው የሰሙት ከገዛ ልጃቸው አፍ ነው። በሽታቸው ግን ተላላፊ አልነበረም። ከጭስ የመጣ የአየር ቧንቧ ሕመምና አስም ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፉም። ሳል ከሁለት ሳምንት ያለፈበት ሰው መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ተመርምሮ ነቀርሳ የሌለበትን ሰው ማራቅ ግን በደል ነው።

የመንደሩ መበተንም ብቸኝነቱን አባብሶታል። በሰንጋ ተራ ሳሉ ቡና ሲያፈሉ የሚጠሯቸው፣ በታመሙ ጊዜ ውኃ የሚቀዱላቸው ጎረቤቶች ነበሩ። አሁን ያሉበት ሕንፃ ደጆቹ የተዘጉ ናቸው። ከቀድሞው እድራቸው ግን አልወጡም፤ ወርኃዊ መዋጮውን በልጃቸው እጅ ይልካሉ። ስለ ምን ቢባል፣ ቀባሪ እንዳያጡ ነው። ለመድኃኒት ያልተገኘ ገንዘብ ለቀብር ሳይጎድል ይከፈላል። ይህን በነገሩኝ ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

የበዓል ጭስ

የፋሲካ ዋዜማ ለብዙዎቻችን የደስታ ሽታ አለው። ዶሮው በከሰል ላይ ይሠራል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቆላል። ሳንባው ለታመመ ሰው ግን ይህች ሌሊት ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ የከበደች ናት። ባልተከፈተ ቤት ውስጥ የከሰልና የዕጣን ጭስ ተደራርቦ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ቤተሰቡ የበዓሉ ደስታ እንዳይጎድል ይሰጋል፤ ሕመምተኛውም ደስታቸውን ላለማጉደል ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ከበዓል ማግሥት ወደ ሕክምና የሚያስሮጠው ይህ ዝምታ ነው።

ጭስ ሰውን እንደሚገድል ዓለም የተማረው በብዙ መከራ ነው። በታኅሣሥ ወር 1952 እ.ኤ.አ. የለንደን ከተማ በድንጋይ ከሰል ጭስና በጉም ለአምስት ቀናት ታፍና ሳለች፣ በጊዜው በተደረገው ግምት አራት ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ አረጋውያንና አስቀድሞ ሳንባቸውና ልባቸው የታመመ ነበሩ። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የንጹሕ አየር ሕግ የዚያ ኀዘን ፍሬ ነው። የእኛ ጭስ ግን በየጓዳው የተከፋፈለ ስለሆነ በአደባባይ አይታይም። በአገራችንም ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ ለመቆጠብና ጭስ ለመቀነስ ተሠርተው ተሰራጭተዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤት ደግሞ ከዚያ በተሻለ ዐርፏል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ዋዜማ ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለፈ በኋላ፣ ሥራውም በደጅ ወይም በር በተከፈተበት ይከናወን። ዕጣኑ ሕመምተኛው በሌለበት ክፍል ይጨስ፤ ወይም ለዚህ በዓል ይቅር። የሚጨስ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ትቶ መተኛት ጤነኛውንም የሚገድል መሆኑ አይዘንጋ። ለአንዲት እናት ትንፋሽ ሲባል የተተወ ዕጣን በእግዚአብሔር ፊት የጎደለ መሥዋዕት አይደለም።

ጾም፣ ስግደትና ጠበል

እነዚህን ሕመምተኞች ከገንዘብ ማጣት ይልቅ የሚያሳዝናቸው ከአምልኮ የቀሩ መምሰላቸው ነው። የሰንጋ ተራዋ እናት በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እርሳቸው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህም ያለቅሳሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ከሕመምተኛ የማይችለውን አትጠይቅም። ፍትሐ ነገሥት ሕመም ያለበትን ሰው ከጾም ግዴታ ያሳርፈዋል፤ ስግደትም እንደ አቅም ነው። በጾም ሰዓት መድኃኒቱን መማግ ጾም የሚያስፈርስ እየመሰለው የጠዋቱን የሚያስቀር ምእመን አለ። በዚህ ጉዳይ በራስ ሐሳብ ከመወሰን የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል። የንስሐ አባቶችም ልጆቻቸውን ሳይጠየቁ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። በጠበል የሚገኘውን ፈውስ የሚያምን ሰው መድኃኒቱን መጣል አይኖርበትም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚገባ ለምእመናን ያስተማሩት ትምህርት ለሳንባ ሕመምተኛም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ብርድ የሚያፍነው ሕመምተኛ በማለዳ በቀዝቃዛ ውኃ ከመጠመቅ ይልቅ ጠጥቶና ተቀብቶ ቢመለስ ከበረከቱ አይጎድልበትም።

ወደ ውኃው የሚያወርድ ሰው

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ተብሎ ይከበራል። በዚያ ዕለት የምናስበው ሠላሳ ስምንት ዓመት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛው በሽተኛ፣ ውኃው በታወከ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው እንዳልነበረው ለጌታ ተናግሯል። መጠመቂያው በአጠገቡ ነበር። የጎደለው ሰው ነው። የዛሬዎቹ የሳንባ ሕመምተኞችም ነገር እንዲሁ ነው። ሐኪሙም መድኃኒቱም መድኑም አሉ፤ በመካከል ግን ደረጃ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ገንዘብ አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እድሮቻችንን እናስብ። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕመምተኞችን መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ያን ልማድ ለትንፋሽ ሕመምተኞች ማደስ አይቻልምን? አንድ እድር ለአንድ አባሉ ሞት የሚያወጣውን ገንዘብ ከፊሉን በሕይወቱ ሳለ ለመድኃኒቱ ቢያውለው፣ ቀብሩን ያዘገየዋል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ የጤና መድን መዋጮ ቢሸፍኑ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገዙ፣ ከዝክር አይተናነስም።

የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎችም ደረጃ መውጣት ለማይችል ጎረቤት የምድር ቤት በመለዋወጥ፣ ይህ ባይሆን ውኃና አስቤዛ በማድረስ ሊረዱ ይችላሉ። በየደረጃው መታጠፊያ አንዲት ዱካ ማስቀመጥ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሕመምተኛውና ለአስታማሚውም ጥቂት የሚጠቅም ነገር እንጨምር። መድኃኒቱ በአፍ ውስጥ ቀርቶ እንዳይባክን በመካከል ማስተላለፊያ ማድረግ ይረዳል። ውድ የሆነው ማስተላለፊያ ባይገኝ፣ የግማሽ ሊትር የላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተበስቶ፣ ሕመምተኛው በጠርሙሱ አንገት በኩል ቢምግ ይሠራል። በደቡብ አፍሪካ በአስም በታመሙ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጠርሙሱ በሱቅ ከሚሸጠው እንደማያንስ አሳይቷል። አሠራሩን የጤና ባለሙያ ቢያሳይ ይመረጣል። ትንፋሽ ባጠረ ጊዜም ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተቀምጦ፣ በአፍንጫ አስገብቶ፣ የጧፍን ነበልባል ሳያጠፉ እንደሚያወዛውዙ ሁሉ ከንፈርን አጥብቦ በዝግታ ማስወጣት የታፈነውን አየር ያስለቅቃል። ከንፈርና ጥፍር ሲጠቁር ወይም ሰውየው መናገር ሲያቅተው ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ከሰንጋ ተራዋ እናት ጋር የተለያየነው ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ሲወጣ ነበር። አንድ ወጣት መጥቶ፣ «እማማ፣ ዛሬስ እኔ ልሸኝዎት» ብሎ ነጠላቸውን አስተካከለላቸው። የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ኖሯል። በየእሑዱ እየተፈራረቁ እስከ አራተኛው ፎቅ የሚያደርሷቸው የሰንጋ ተራ ልጆች ሦስት እንደ ሆኑ ከእርሱ ሰማሁ። መንደሩ ቢፈርስም ጉርብትናው ሁሉ አልፈረሰም ማለት ነው። እናቲቱም የመድኃኒት ዕቃቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ወዝወዝ አደረጉና አንድ ጊዜ ማጉ። ከሁለት መቶው አንዷ ለትንሣኤ ወጣች።

ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ እፍ ያለባቸው እርሱ እንደ ተላከ እነርሱም ይላኩ ዘንድ ነው። እኛም በዚህ በዓል ቅርጫችንን ስንካፈል፣ ከደጃችን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ድርሻውን ይዘን እንውጣ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ስምንት ቀን አለን፤ ለአንድ ሕመምተኛ በር ለማንኳኳት ይበቃል።

በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የፍቅር በዓል ያድርግልን።